የተበሳው ብር

እናቴ አንገት ላይ ከማተቧ ጋር አብሮ የሚንጠለጠል አንድ የብር ሳንቲም ነበር። ስፋቱ የሻይ ብርጭቆ ቂጥ ያህላል። በአንድ ፊቱ ኮከብ አለበት፤ በሌላው ፊቱ በክብ የተጻፈ የዓረብ ጽሕፈት። ጠርዙ አካባቢ ተበስቶ ጥቁር ክር ገብቶበታል። በየዓመቱ ለፋሲካ ክሩን ትቀይርና ብሩን በአመድና በሎሚ ፈትጋ ታጥበዋለች። እኔም ታናሽ ወንድሜም ጡት ስንጠባ የምንይዘው እሱን ነበር ትለናለች።

ብሩ የአባቷ ነው። አባቷን ግን አይታው አታውቅም።

የእናቴ እናት የቆቃ ግድብ ሲሠራ ሠራተኛው ሠፈር አጠገብ ሻይ፣ ዳቦና መኮሮኒ ትሸጥ ነበር። ከውጭ ከመጡት መካከል አንድ የማሽን መካኒክ ነበር። ግድቡን ከሚሠሩት ጣሊያኖች ጋር ይሥራ እንጂ እሱ ጣሊያን አይደለም፤ ይሰግዳል፣ ረመዳን ይጾማል፣ በቋንቋው የሚያናግረው ሰው የለም። "ዓረቡ" ይሉታል። ግድቡ አልቆ ውሃው መሙላት ሲጀምር ሠራተኛው ተበተነ፤ እሱም በጅቡቲ ባቡር ሄደ። አያቴ ያን ጊዜ ከእሱ አርግዛ አራት ወሯ ነበር። የተወላት ያንን ብርና የራሱን ስም ብቻ ነው። የአባቱን ስምም የአገሩን ስምም ወይ አልነገራት፣ ወይ ነግሯት አልያዘችውም። ልጅቷ ስትወለድ ብሩን ወርቅ ሠሪ ዘንድ ወስዳ አስበሳችና አንገቷ ላይ አሰረችላት። ሣጥን ይሰረቃል፣ አንገት ላይ ያለ ነገር ግን ከባለቤቱ ጋር ይኖራል ብላ ነው።

እናቴ አሥራ አራት ዓመት ሲሆናት እናቷ በወባ ሞተችባት። ከቆቃ መጥታ እዚህ ናዝሬት፣ ያኔ አዳማ የሚላት ጥቂት ሰው ነው፣ አንዲት ዘመዷ ቤት ተጠጋች። እዚያ ቤት የተጠጋ ሰው ይሠራል፤ ከሰል፣ ጨው፣ ሚስማር ገዝታ እንድትመጣ ገበያ ይልኳታል። ገበያው ጥግ ላይ የአንድ ሽማግሌ ዓረብ ሱቅ ነበር። በእኛ አገር ዓረብ ከተባለ የመኔ ነው፤ ባለሱቅ ነው፤ ሌላ ዓረብ ይኖራል ብሎ የሚያስብ የለም። አንድ ቀን ሰውየው የታሰረላትን ብር አየና ከየት እንዳመጣችው ጠየቃት።

"የአባቴ ነው" አለችው።

"አባትሽ ማነው?"

"ዓረብ ነው። አላውቀውም።"

ብሩን አንገቷ ላይ እንዳለ ይዞ ወደ ብርሃን አዞረው። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ትንሽ ቆየ። ከዚያ "ይሄ የሐድራሞት ብር ነው" አላት። "የአባቴ አገር ነው። አንቺ የኛ ልጅ ነሽ።"

እናቴ ይህንን ስትነግረን ሁልጊዜ እዚህ ላይ ድምፅዋ ይለወጣል። እናቷን ከቀበረች ወዲህ "የኛ" ያላት ሰው እሱ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰውየው ስትመጣ ወንበር ይሰጣታል፣ ቴምር ያስይዛታል። ስታገባ የሠርጓን ሻሽ የገዛላት እሱ ነው። እሷ ክርስቲያን ሆና ተጠምቃ ያደገች ናት፣ እሱም ስለ ሃይማኖት አንድ ቀን አንስቶባት አያውቅም። ሲሞት እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። መቃብሩ ድረስ ሴት አይሄድም ሲሏት ከበሩ ላይ ቆማ እንደ አባት ስታለቅስለት ትዝ ይለኛል።

እኛም እንዲህ እያልን አደግን። አያታችን የመኔ ነው። ሐድራሞት የሚባል አገር አለ፤ እዚያ አጎቶች አሉን፤ ቤት አለን። አባታችን የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ መተሐራ መንገድ ላይ በመኪና አደጋ ሲሞት እናቴ ሁለታችንን ይዛ ቀረች። ከዚያ በኋላ ሐድራሞት ይበልጥ እየቀረበን መጣ። እናቴ ቤት ኪራይ ስታጣ፣ ወይ ወንድሜ ሲታመም፣ ብሩን በሁለት ጣቷ ይዛ "ወገን ያለው ሰው አይጠፋም" ትል ነበር።

ወንድሜ ከእኔ በአሥራ ሁለት ዓመት ያንሳል። ጎበዝ ተማሪ ነበር። የውሃ ምህንድስና ተመረቀ። የተመረቀ ዕለት ሦስታችን ሶደሬ ሄደን፣ እናቴ እግሯን ሙቁ ውሃ ውስጥ ነክራ ጥቁሩን የምርቃት ቆቡን አድርጋ ፎቶ ተነሣች። ከዚያ ሥራ ፍለጋ። ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሞ መጻፍ፣ ፎቶ ኮፒ ማድረግ፣ መመዝገብ፣ መፈተን፤ ስሙ በተጠባባቂ መውጣት። አራት ዓመት እንዲህ ሄደ። በመጨረሻ አንድ ላቫጆ ተቀጥሮ መኪና ማጠብ ጀመረ። እኔ የምሠራበት ሆቴል እንግዶች መኪናቸውን የሚያሳጥቡት እዚያ ስለነበር አንዳንዴ ቱታ ለብሶ፣ ቦት ጫማ አድርጎ፣ ቁልፍ ሊመልስ ሪሴፕሽን ድረስ ይመጣል። ባልደረቦቼ ፊት እህቴ ብሎ አይጠራኝም። "የሁለት መቶ አራት ቁልፍ ነው" ብሎ አስቀምጦ ይሄዳል።

አንድ እሑድ ምሳ በልተን ስናበቃ እናቴን "እማዬ፣ ብሩን ልየው" አላት።

አንገቷን ዘንበል አደረገችለት። አገላብጦ አየው።

"እኔ ልሄድ ነው" አለ።

"ወዴት?"

"ሐድራሞት።"

እኔ ሳቅሁ። ከዚያ ፊቱን ሳየው ሳቄን ዋጥኩት። "የመን እኮ ጦርነት ነው" አልኩት። "ሰው ከዚያ ይሸሻል እንጂ ወደዚያ ይሄዳል?"

"በየቀኑ ስንት ሰው በዚያ እያለፈ ሳዑዲ ይገባል።"

"ስንቱስ ይቀራል?"

"የሚቀረው ወገን የሌለው ነው" አለ። "ደላላ የሚያግተው፣ በረሃ የሚጥለው፣ የሚጠይቀው ሰው የሌለውን ነው። እኔ ዘመድ አለኝ። ብሩን አሳያለሁ፣ ስሙን እነግራቸዋለሁ። የአያቴ አገር ነው፤ ወረቀት ያወጡልኛል።"

ወደ እናቴ ዞርኩ። አንድ ነገር በይው ለማለት ነው። እሷ ግን ያላየሁትን ፊት ይዛ ነበር። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ማንም ሊሄድላት ያልቻለውን መንገድ ልጇ እሄዳለሁ አላት። "ብሩን ይዘህ ሂድ" አለችው።

"አይ፣ መንገድ ላይ ይቀሙኛል። ፎቶውን ነው የምይዘው።"

ፎቶውን ያነሳሁለት እኔ ነኝ። ይህንን መናገር አለብኝ። ብሩን ሆቴል ወሰድኩት፤ የሪሴፕሽኑን መብራት አስጠግቼ፣ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጬ፣ ሁለቱንም ፊት አነሳሁ። ጽሕፈቱ ከመታሸት ብዛት የሳሳ ቢሆንም መብራቱ ከጎን ሲመታው እያንዳንዱ ፊደል ጎልቶ ታየ። ወንድሜ ፎቶውን ወደደው። ኮከብ ያለበትን ፊት የቴሌግራም መለያ ምስሉ አደረገው።

በጥቅምት መጨረሻ ከሠፈር ልጆች ጋር ሄደ። መናኸሪያ አልሸኘነውም፤ ደላላው ሸኚ አይምጣ ብሎታል። በአዋሽ፣ በሚሌ አድርጎ ጅቡቲ ገባ። ኦቦክ ከሚባል የባሕር ዳር ከተማ ደውሎ እዚያ የመጠጥ ውሃ እንኳ በገንዘብ እንደሚሸጥና ጀልባ እየጠበቁ እንደሆነ ነገረን። ከዚያ አሥራ ሰባት ቀን ድምፅ አልነበረም። እናቴ በእነዚያ ቀናት ምግብ የቀመሰችው እኔ ቁጭ ብዬ ሳያት ብቻ ነው። በአሥራ ስምንተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ፤ የማላውቀው ቁጥር ነው።

"ደረስኩ" አለኝ። ድምፁ ጎርናና ሆኗል።

ለእናቴ ሰጠኋት። ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጌዋለሁ፤ ስለዚህ የተባባሉትን ሁሉ ሰምቻለሁ።

"ልጄ! ደህና ነህ? በላህ?"

"ደህና ነኝ እማዬ።"

"ብሩን አሳየሃቸው?"

"አሳየኋቸው።"

"አነበቡት?"

"አዎ። አነበቡት።"

"ምን አሉህ ታዲያ?"

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት፤ አልተቋረጠም።

"ያውቁታል" አለ። "ግን ቤተሰቡ ያለበት ከዚህ ይርቃል አሉኝ።"

"ስንት ቀን ያስኬዳል?"

"ሩቅ ነው እማዬ። በጣም ሩቅ ነው።"

"ቢሆንም ታገኛቸዋለህ።"

"አገኛቸዋለሁ። አንቺ አትጨነቂ። ብሩን ደህና አድርገሽ ያዢ።" ከዚያ እኔን ጠራኝ። "ከልጆች ጋር ወደ ሰሜን ልንሄድ ነው፣ ወደ ሳዑዲው በኩል። ስደርስ እደውላለሁ" አለኝ።

ወደ ሰሜን ለምን እንደሚሄድ አልጠየቅሁትም። ዘመዶቹ እዚያ በኩል ናቸው ብዬ ገመትኩ። ከዚያ በኋላ አልደወለም።

የደወለበትን ቁጥር ደጋግሜ ደወልኩ፤ መጀመሪያ አንድ ዓረብኛ የሚናገር ሰው አንስቶ ዘጋው፣ በኋላ ዝግ ሆነ። አብረውት የሄዱ የሠፈር ልጆች ቤተሰቦች ጋ ሄድኩ። አንደኛዋ እናት ልጇ ድንበር ላይ እንደተመታ ሰምታ ቤቷ ሐዘን ተቀምጣ አገኘኋት። ከልጇ ጋር ማን እንደነበረ የነገራት የለም። የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች የወንድሜን ፎቶና ስም መዘገቡልኝ። ከየመን በአውሮፕላን የተመለሱ ልጆች መጡ ሲባል አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ በር ላይ ቆሜ ፎቶ አሳየሁ። አንዱ "ይሄን ልጅ የማውቀው ይመስለኛል" አለኝና መልሶ "አይ፣ ሌላ ነው" አለ።

እንዲህ ሁለት ዓመት አለፈ። እናቴ አልተጨነቀችም ብል ውሸት ይሆናል፣ ግን ተስፋ አልቆረጠችም። የጎረቤት ሰው ሲጠይቃት "ዘመዶቹ ጋ ነው፤ ጦርነቱ ኔትወርኩን አጥፍቶት ነው" ትላለች። ምሽት ላይ ብሩን ይዛ የምታወራው ከእግዚአብሔር ጋር ይሁን ከአባቷ ጋር አላውቅም።

እኔ በየቀኑ ሥራ ስገባ የወንድሜን ቴሌግራም እከፍታለሁ። "ከረጅም ጊዜ በፊት ታይቷል" ይላል። እዘጋዋለሁ።

ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ ሆቴላችን ውስጥ ስለ አፈር ማዳበሪያ ሥልጠና ነበር። አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት፤ ሆቴሎቿ ከሠርግ ይልቅ በሥልጠና ነው የሚኖሩት። ከአሠልጣኞቹ አንዱ ዕድሜው ወደ ስልሳ የሚጠጋ፣ ፀጉሩ የሸበተ፣ ዝምተኛ የውጭ ሰው ነበር። በሻይ ሰዓት መብራት ሄዶ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ሪሴፕሽን መጥቶ ቆመ። እኔ ስልኬን ባንኮኒው ላይ አድርጌ የወንድሜን ገጽ ከፍቼ ነበር። ሰውየው ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ።

"ይቅርታ" አለኝ በእንግሊዝኛ፤ የምንግባባው በእሱ ነበር። "ይሄን ከየት አገኘሽው?"

"የእናቴ ነው" አልኩት። "የአባቷ።"

"አባቷ የአገሬ ሰው ነበር?"

"እርስዎ ከየመን ነዎት?" አልኩት።

"የምን የመን" አለ። "ሞሮኮ።"

ሁለተኛውን ፎቶ አሳየሁት። መነጽሩን አደረገና ምስሉን በጣቱ አሰፋው። ድምፁን ከፍ አድርጎ በዓረብኛ አነበበው፤ ከዚያ አንድ በአንድ ተረጎመልኝ። የሱልጣናቸው ስም ይሄ ነው። በሒጅራ የተጻፈው ዓመት ይሄ ነው። "እዚህ ጋ ደግሞ" አለ፣ "የተቀረጸበትን ከተማ ይላል። ባሪዝ። ፓሪስ ማለት ነው።"

"ፓሪስ?"

"አዎ። ያን ጊዜ አገራችን በፈረንሳይ ሞግዚትነት ሥር ነበረች። ሱልጣኑ በዙፋኑ ነው፤ ገንዘቡ ግን ፓሪስ ተቀርጾ ነው የሚመጣልን። አያቴ ጋ እንዲህ ዓይነት ነበር።" ፈገግ አለ። "ብዙው ቀልጦ ጌጥ ሆኖ አልቋል። ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተረፈ ማግኘት ከባድ ነው።"

እኔ ሌላ ነገር ነው የምጠይቀው። "የየመን ሊሆን አይችልም? ተመሳሳይ ሊሆን አይችልም?"

ሰውየው አየኝ። እንደማይገባው ነገር ነው ያየኝ። "ዓረብኛ ማንበብ የሚችል ሰው ሁሉ ይሄን ያነበዋል" አለኝ። "የትም አገር ያለ ልጅ ያነበዋል። ለሰው አሳይተሽ አታውቂም?"

አሳይቼ አላውቅም። ያቺ ባንኮኒ ጋ አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጫለሁ። ሱዳናዊ፣ ግብፃዊ፣ ሶርያዊ፣ ከየአገሩ ዓረብኛ ተናጋሪ በፊቴ አልፏል፤ ፓስፖርታቸውን ተቀብዬ ቁልፍ ሰጥቻቸዋለሁ። ፎቶውም ካነሳሁት ጊዜ ጀምሮ ስልኬ ውስጥ፣ ኪሴ ውስጥ ነበር። አንድም ቀን አላወጣሁትም፤ የምናውቀውን ነገር ለምን እጠይቃለሁ?

ከዚያ ያ የስልክ ጥሪ ትዝ አለኝ። "አነበቡት?" ስትለው "አዎ፣ አነበቡት" ነው ያላት። እውነቱን ነው። ባሕሩን ተሻግሮ፣ ስልኩን አውጥቶ፣ የአያቴ ነው ብሎ አሳያቸው። እነሱም አነበቡለት። ባሪዝ አሉት። ምናልባት ስቀውበታል። በዚያ ጦርነት አገር፣ ወገን አለኝ ብሎ በሄደበት፣ ወገን እንደሌለው ያወቀው እዚያው ቆሞ ነው። ከዚያ ለእናቱ ደወለና "ሩቅ ነው እማዬ" አላት። ወደ ሰሜን የሄደው ሌላ የሚሄድበት ስለሌለው ነው።

ጄኔሬተሩ ተነሳ። መብራቱ ሲመጣ ሰውየው እያለቀስኩ መሆኑን አየ።

ሥልጠናው ሦስት ቀን ነበር። በሁለተኛው ቀን ሁሉንም ነገርኩት። ጥሩ ሰው ነው፤ አገሩ ውስጥ የድሮ ገንዘብ የሚሰበስብ አጎት ስላለው ፎቶውን ላከለት። መልሱ የመጣው በዚያው ቀን ነው። አጎቱ ያ ዓመት የተጻፈበት በጣም ብርቅ እንደሆነ፣ እሱ ራሱ በዕድሜው ሙሉ ሁለት ብቻ እንዳየ ነገረው። ቀጥሎ ደግሞ የተበሳ ስለሆነ ሰብሳቢ አይፈልገውም አለ። ባይበሳ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር። አሁን የብሩን ክብደት ብቻ ነው የሚያወጣው።

"የአያቴን ቤተሰብ መፈለግ ይቻል ይሆን?" ብዬ ጠየቅሁት።

"ስሙ ማነው?"

ነገርኩት።

ጭንቅላቱን ነቀነቀ፣ በሐዘን ነው። "ይሄ ስም በየቤቱ አለ" አለኝ። "የአባቱን ስም ወይም ከተማውን ብታውቂ... በዚህ ብቻ ግን ልዋሽሽ አልፈልግም።" ሲሄድ ካርዱን ሰጠኝ። በኋላ ሁለት ጊዜ ሰላምታ ልኮልኛል፤ ምን ብዬ እንደምመልስለት ጠፍቶኝ ተውኩት።

ለእናቴ ከመንገሬ በፊት ማወቅ የፈለግሁት አንድ ነገር ነበር። የሽማግሌው ሱቅ አሁንም አለ፤ የምትሸጠው ልጁ ናት። የፕላስቲክ ባልዲና ጆግ ነው የምትነግደው። "አካም ጅርታ" ብላ ተቀበለችኝ፣ እናቴን ጠየቀችኝ። አባቷ ዓረብኛ የት እንደተማሩ ጠየቅኋት።

"አባቴ?" አለችና ሳቀች። "አባቴ የት አውቆ? ተወልዶ ያደገው አሰላ ነው እኮ። መናገሩን ትንሽ ትንሽ ይሞክራል። ከሐድራሞት ደብዳቤ ሲመጣለት መስጊድ ወስዶ ነበር የሚያስነብበው። ሰው እንዳያውቅበት ደግሞ 'መነጽሬ ጠፍቶብኝ ነው' ይል ነበር።" እየሳቀች ነው የምታወራው፤ የአባቷን ትንሽ ኩራት እንደምታስታውስ ልጅ። ለምን እንደጠየቅኋት አልነገርኳትም። አንድ ባልዲ ገዝቼ ወጣሁ።

ብዙ አሰብኩበት። ሰውየው ክፉ አልነበረም። እናት የሞተባት ልጅ ሱቁ ገብታ አባቴ ዓረብ ነው አለችው። አላውቅም፣ ማንበብ አልችልም ከማለት የኛ ነሽ ማለት ቀለለው። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እንዲያ ሳልል አልቀርም።

ለእናቴ አንድ ወር አልነገርኳትም። ነገር ግን በየቀኑ "ዘመዶቹ ጋ ነው" ስትል መስማት አቃተኝ። ቅዳሜ ጠዋት ልብስ እያጣጠፍን ሳለ ነገርኳት። ስለ ሞሮኮው ሰው፣ ስለ ጽሕፈቱ፣ ስለ ፓሪስ። ስለ ሽማግሌው ማንበብ አለመቻል ልዘልለው ነበር፤ ጠየቀችኝና ነገርኳት። ስታዳምጥ አንድ ጊዜ እንኳ አላቋረጠችኝም። የያዘችውን አንሶላ አጣጥፋ ጨረሰች፣ ክምሩ ላይ አስቀመጠች።

"ታዲያ ልጄ ማን ዘንድ ነው የሄደው?" አለችኝ።

ሌላ አንሶላ አነሳሁ።

"ንገሪኝ እንጂ። ማን ዘንድ ነው የላክሁት?"

"እማዬ፣ አንቺ አልላክሽውም።"

"ይዘህ ሂድ ነው ያልኩት። ሰምተሻል።"

ተነሳችና ከመሳቢያ መቀስ አወጣች። ክሩን ቆረጠች፤ ማተቧን እንዳትቆርጠው ፈራሁ፣ ግን ለይታ ነው የቆረጠችው። ብሩን እጄ ላይ አደረገችው። "ከፊቴ አርቂው" አለች። ሸጬ ልምጣ ወይ ስላት የፈለግሽውን አድርጊው አለችኝ። አልሸጥኩትም። ሆቴል የግል ዕቃ የማስቀምጥበት ቁም ሣጥን ውስጥ በፖስታ አድርጌዋለሁ። ምን እንደማደርገው አላውቅም።

በሳምንቱ እናቴ ሳትነግረኝ የእድሩ ዳኛ ቤት ሄደች። እሳቸው ከዚያ ከዓመት በፊት መጥተው፣ የሌሎቹ ልጆች ሐዘን ተቀምጦላቸዋል፣ ለአንቺስ ምን እናድርግ ብለዋት፣ ከቤት ውጡልኝ ብላ አባራቸው ነበር። አሁን ራሷ ሄዳ "ድንኳኑን ትከሉልኝ" አለቻቸው።

እኔ ተቆጣሁ። "ሞቷል ያለሽ ማነው? ማን አየ? ነገ ቢደውልስ?" ብዬ ጮህኩባት።

"ቢደውል ደስ ይለኛል" አለች። "እስከ ዛሬ የጠበቅሁት እኮ ዘመድ ዘንድ ነው ብዬ ነው። ሰው አልባ ሜዳ ላይ ከሆነ ግን ምን ብዬ ልጠብቅ? ማን አለልኝ ብዬ?"

ሐሙስ ጠዋት ድንኳኑ ተተከለ። በጥቁር ቆብ የተነሳው የምርቃት ፎቶው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። የላቫጆው ልጆች ቱታቸውን ለውጠው መጡ፣ ጥግ ይዘው ተቀመጡ። ሙሾ የሚያወጣ ሰው ቢነሳም ምን ብሎ እንደሚያለቅስለት አላወቀም፤ እንዴት እንደሞተ፣ የት እንደወደቀ አይታወቅማ። ለቀስተኛው ሲገባ ያለቅስና ፈጥኖ ዝም ይላል። እናቴ ጥቁር ለብሳ ፍራሹ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም "እግዜር ይስጥልኝ" ትላለች። አላለቀሰችም።

የንስሐ አባቷ መጡ። አጠገቧ ተቀምጠው ዝቅ ባለ ድምፅ "ልጄ፣ ሞቱን ያየ ሰው አለ?" አሏት።

"የለም አባቴ።"

"እንግዲህ በሕይወት ላለ ሰው ፍትሐት አይደረግም። ይከብደኛል።"

"በሕይወት ካለስ ጸሎት ምን ይጎዳዋል?" አለቻቸው።

መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አገላበጡት። ከዚያ "ጸሎት አደርግለታለሁ" አሉ። "አርባውንስ ከመቼ ልቁጠረው? የሞተበት ቀን አይታወቅም።"

እናቴ ወደ እኔ አየች። እኔ የመጨረሻ የደወለበትን ቀን አውቀዋለሁ። ቴሌግራም ላይ ለመጨረሻ ጊዜ የታየበትንም አውቀዋለሁ፤ መጀመሪያ ላይ ቀኑን ይጽፈው ነበር። የትኛውንም አልተናገርኩም።

"ከዛሬ ቁጠሩልኝ" አለች።

አርባው ሰኞ ዋለ። እኔ የቀን ፈረቃ ነበርኩ። አለቃዬን ፈቃድ ጠየቅኋት፣ ግማሽ ቀን ሰጠችኝ። ቤተክርስቲያን ቆይተን፣ ለካህናቱና ለነዳያኑ ምሳ አቅርበን፣ ሰው ሲሄድ እናቴን አልጋዋ ላይ አስተኛኋት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ "ሂጂ፣ እንዳይቆጡሽ" አለችኝ። ሆቴል ሌላ ሥልጠና ሊጀመር እንግዶች ከሰዓት በኋላ ይገባሉ ተብሎ ነበር፤ ስምንት ሰዓት ላይ ዩኒፎርሜን ለብሼ ባንኮኒው ጋ ተቀመጥኩ።